ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ድምፅ ማጉያ ገመድ አመራረጥ

የቤት አስተዳደር ጥበብ የሚባለው ወጥ በማጣፈጥና ልብስ በማጽዳት ብቻ የሚፈጸም ነገር አይደለም። ወደ ቤት የሚገባውን ዕቃ ማወቅ፤ ዋጋውን መመርመር፤ የሚጠቅመውን ከማይጠቅመው መለየትና የተገዛውንም በደኅና መያዝ የዚሁ ጥበብ ታላቅ ክፍል ነው። አያቶቻችን ማድጋ ሲገዙ በጣታቸው እያንኳኩ ድምፁን ያዳምጡ ነበር። ስንጥቅ ያለበት ማድጋ ድምፁ ስለሚሰበር፤ ለዐይን ያልታየው ጉድለት በጆሮ ይገለጥላቸው ነበር። በዛሬ ዘመን ግን ወደ ቤታችን ከሚገባው ዕቃ ብዙው በጣት ተንኳኩቶ የማይታወቅ ሆኗል። ስለዚህ ጣት ያደርገው የነበረውን ምርመራ ዛሬ ዕውቀት ሊያደርገው ይገባል።

ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመን ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለ ነበረ፤ የመንደሩ ልጆች ሁሉ በአንዱ ቤት ደጃፍ ይሰበሰቡ ነበር። ዛሬ ግን በየጣራው ላይ ዲሽ፤ በየሳሎኑም ሪሲቨርና ቴሌቪዥን ይታያል፤ አንዳንዱም ቤት ድምፅ ማጉያ ጨምሮበታል። እነዚህን ዕቃዎች እርስ በርሳቸው የሚያገናኛቸው ገመድ፤ ወይም በገበያ እንደሚባለው ኬብል ነው። ሰው ቴሌቪዥን ሲገዛ ወር ሙሉ ይመክራል፤ ገመድ ሲገዛ ግን ባለ ሱቁ የሰጠውን ይዞ ይመለሳል። ከዚህም የተነሣ አንዱ በማይረባ ገመድ ዕቃውን ያበላሻል፤ ሌላውም ለማያስፈልገው ነገር ገንዘቡን ያፈሳል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በገዛ ቤታችን የደረሰብን ነገር ነው። ጥፋቱም የራሳችን ስለ ሆነ ሳናፍር እንናገረዋለን።

ባለፈው ክረምት የፍልሰታ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፤ ከቴሌቪዥናችን ጣቢያዎች እኩሌታው በአንድ ሌሊት ጠፋ። የቀሩት ጥርት ብለው ይታያሉ፤ የጠፉት ግን ጥቁር ሆነው «ሲግናል የለም» የሚል ጽሕፈት ብቻ ያሳያሉ። ከጠፉትም መካከል እናታችን ቅዳሴ የሚከታተሉበት ጣቢያ ነበረበት። እናታችን ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ እስከ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አልሆነላቸውም። ስለዚህ ነጠላቸውን አጣፍተው፤ በመቋሚያቸው ተደግፈው የሚያስቀድሱት በቴሌቪዥኑ ፊት ነበር።

እኛም ነገሩን ሳንመረምር ወደ ገበያ ሮጥን። አንድ ባለ ሱቅ ጉዳያችንን ከሰማ በኋላ፤ ከሪሲቨሩ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚሄደውን ገመድ ብንለውጥ ችግሩ ሁሉ እንደሚወገድ ነገረን። ጫፉ በወርቅ የተለበጠ፤ በሚያምር ሣጥን የታሸገ ገመድም አውጥቶ አሳየን። ዋጋው ከተራው ገመድ ስምንት እጥፍ ነበረ። ለመስከረም ለልጆች ደብተር ካስቀመጥነው ገንዘብ ቆንጥረን ከፈልን። ወደ ቤት ተመልሰን ብንሰካው ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ቀጥሎ የጠራነው ሠራተኛ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ ቁልፉን ነካክቶ፤ «ሪሲቨሩ ሞቷል፤ አዲስ መግዛት ነው» ብሎን ሄደ። እንደ ቃሉ ብናደርግ ኖሮ የደብተሩ ገንዘብ ከነጭራሹ ማለቁ ነበር። እናታችን ይህንን ምክር ከመኝታ ቤታቸው ሆነው ሰምተው ኖሮ፤ «ልጆቼ፤ ስለ እኔ ብላችሁ የልጆቹን ደብተር አትንኩ፤ እኔ በልቤ አስቀድሳለሁ» አሉን። ይህ ቃል ከነቀፋ ይልቅ ከበደን።

በዚህ መካከል በሠፈራችን ለብዙ ዘመን ሬዲዮ ሲያድሱ የኖሩ አንድ ሽማግሌ እናታችንን ሊጠይቁ መጡ። ነገሩንም ከሰሙ በኋላ፤ «ልጆቼ፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላል» ብለው ሪሞቱን እንድንሰጣቸው ጠየቁ። የሪሲቨሩን ማውጫ ቢከፍቱት ፊደሉ ሁሉ ጥርት ብሎ ታየ። ያን ጊዜ እንዲህ አሉ፤ «ይህን ፊደል የሚጽፈው ሪሲቨሩ ራሱ ነው። ፊደሉ ጠርቶ ከታየ በሪሲቨሩና በቴሌቪዥኑ መካከል ያለው ገመድ ደኅና ነው፤ ቴሌቪዥኑም ደኅና ነው። ከጣቢያዎቹ እኩሌታው ስለሚሠራም ሪሲቨሩ አልሞተም። እንግዲህ ያልታየው ጣራው ብቻ ነው።»

ሪሲቨሩን ከኤሌክትሪክ ነቅለን፤ ዝናሙ እስኪያባራና ቆርቆሮው እስኪደርቅ ቆይተን ወጣን። ከዲሹ ፊት ካለው ኤል ኤን ቢ ጋራ ገመዱ የተገናኘበትን ጃክ ብንፈታው ውሃ ገብቶበት፤ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ለብሶ አገኘነው። ሽማግሌው ከታች ሆነው እንደ ነገሩን አንድ ስንዝር ያህል ቆርጠን የዛገውን ጣልን፤ ንጹሑን ገመድ ልጠን አዲስ ጃክ አሰርንበት፤ አጥብቀንም በናስትሮ ጠቀለልነው። የጃኩ ዋጋ ከአንድ ስኒ ቡና የሚበልጥ አልነበረም። ከጣራው ወርደን ሪሲቨሩን ብናበራው የጠፉት ጣቢያዎች ሁሉ ተመልሰው ተገኙ።

ከዚህ የምንማረው የመጀመሪያው ትምህርት፤ ከመግዛት መመርመር ይቅደም የሚል ነው። ምርመራውም እንደ ተነገረው ቀላል ነው። የሪሲቨሩ ማውጫ በደኅና ከታየ ችግሩ ከሪሲቨሩ ወደ ዲሹ ባለው መንገድ ነው። ማውጫውም ጭምር ካልታየ፤ ወይም እየተቆራረጠ ከታየ፤ ከሪሲቨሩ ወደ ቴሌቪዥኑ ያለውን ገመድ መጠርጠር ይገባል። ከዚያም ገመዱን ከመግዛት በፊት ከጎረቤት አንድ ለጥቂት ደቂቃ ተውሶ መሞከር ነው። የጎረቤቱ ገመድ ሠርቶ የራስ ገመድ እንቢ ካለ፤ ያን ጊዜ ወደ ገበያ መሄድ አያስነቅፍም።

አሁን ደግሞ የገመዶቹን ዐይነትና ጠባይ አንድ በአንድ እንገልጻለን።

አንደኛ፤ ከዲሽ ወደ ሪሲቨር የሚወርደው ገመድ። ይህ ክብ ገመድ በመካከሉ አንድ ቀጥ ያለ ሽቦ አለው፤ በዚያ ላይ ነጭ መለያ፤ በመለያው ላይ ደግሞ እንደ መረብ የተሠራ ሽፋን፤ በመጨረሻም የላይኛው ቆዳ አለው። መረቡ የውጭ ጩኸት ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚከላከል አጥር ነው። ለዲሽ የሚሆነው በገበያ አር ጂ 6 የሚባለው ባለ 75 ኦም ገመድ ነው። ከእርሱ የቀጠነው አር ጂ 59 ለአጭር መንገድና ለካሜራ ይሆናል እንጂ ለዲሽ አይመከርም፤ የዲሹ ሞገድ እጅግ ፈጣን ስለ ሆነ በቀጭኑ ገመድ ሲጓዝ ብዙ ይደክማል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይህ ገመድ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ የሚሠራ መሆኑን ነው። ሥዕልና ድምፅ የተሸከመውን ሞገድ ከዲሹ ወደ ታች ያወርዳል፤ ኤል ኤን ቢው የሚሠራበትን ኤሌክትሪክ ደግሞ ከሪሲቨሩ ወደ ላይ ያወጣል። ከሳተላይት የሚመጣው ሞገድ አንዱ ቁም፤ አንዱ አግድም ሆኖ ይላካል። ሪሲቨሩ ቁሙን ሲፈልግ 13 ቮልት፤ አግድሙን ሲፈልግ 18 ቮልት ወደ ላይ ይልካል፤ ኤል ኤን ቢውም በዚህ ልዩነት የታዘዘውን ያውቃል። ጃኩ ሲዝግ 18 የተባለው ኀይል በመንገድ ደክሞ ወደ 13 ስለሚቀርብ፤ ኤል ኤን ቢው ሁልጊዜ ቁሙን ብቻ የተጠየቀ ይመስለዋል። በቤታችን እኩሌታው ጣቢያ ጠፍቶ እኩሌታው የቀረው በዚህ ምክንያት ነበር። አንባቢዎቻችንም እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስባቸው ዕቃ ከመለወጥ በፊት ይህንን ያስቡ።

ይህን ገመድ ሲገዙ የመካከሉን ሽቦ በቢላዋ ጫፍ ፋቅ አድርጎ ማየት ጥሩ ነው። እስከ ውስጥ ቀይ ከሆነ ንጹሕ መዳብ ነው። ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተለበጠ ብረት ነው። ለሞገዱ ሁለቱም ይሆናሉ፤ ፈጣን ሞገድ የሚጓዘው በሽቦው ገጽ ላይ ነውና። ወደ ላይ ለሚወጣው ኤሌክትሪክ ግን፤ መንገዱ ረዥም በሆነ ጊዜ፤ ንጹሑ መዳብ ይበልጣል። ፎቅ ባለው የጋራ መኖሪያ ቤት ከጣራ እስከ ታችኛው ክፍል ገመድ የሚያወርድ ሰው ይህን ልብ ይበል። ገመዱ በመስኮት ወይም በግድግዳ ቀዳዳ ከመግባቱ በፊት ጥቂት ወደ ታች እንዲንጠለጠል አድርጎ መልሶ ማስገባት ይገባል፤ የዝናም ውሃ ገመዱን ተከትሎ ወደ ቤት እንዳይገባ ከዝቅተኛው ቦታ ላይ ይንጠባጠባልና። ጃኩንም ለመፍታት ወይም ለማሰር አስቀድሞ ሪሲቨሩን ከኤሌክትሪክ መንቀል ግድ ነው። ከመረቡ አንዲት ቅንጣት ሽቦ የመካከሉን ሽቦ ከነካች ሪሲቨሩ ሊቃጠል ይችላል።

ሁለተኛ፤ ኤች ዲ ኤም አይ የሚባለው ገመድ። ይህን አሠራር በፈረንጆች አቆጣጠር በ2002 ያወጡት ሂታቺ፤ ማትሱሺታ፤ ፊሊፕስ፤ ሲሊኮን ኢሜጅ፤ ሶኒ፤ ቶምሰንና ቶሺባ የተባሉ 7 ኩባንያዎች ናቸው። ከዚያ በፊት ለሥዕል አንድ፤ ለድምፅ ሁለት ገመድ ያስፈልግ ነበር፤ በዚህኛው ግን ሥዕልና ድምፅ በአንድነት ይሄዳሉ። በጠፍጣፋው ጫፉ ውስጥ 19 ቀጫጭን መገናኛዎች አሉት።

በዚህ ገመድ የሚጓዘው ሥዕል ወደ ቁጥር የተለወጠ ነው። ስለዚህ ነገሩ እንደ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤውን ወርቀ ዘቦ የለበሰች በቅሎ ብታደርሰው ወይም እግረኛ ቢያደርሰው ቃሉ አይለወጥም፤ ቁም ነገሩ ሳይቀደድ መድረሱ ነው። ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ ከደረሰ የርካሹ ገመድ ሥዕልና የውዱ ገመድ ሥዕል አንድ ነው። ቁጥሩ ጎድሎ ሲደርስ ደግሞ ምልክቱ በግልጽ ይታያል። በሥዕሉ ላይ እንደ እሳት ፍንጣሪ ያሉ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፤ ወይም ሥዕሉ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ወይም ጨርሶ ይጠፋል። «ቀለሙ ጥቂት ደብዘዝ ብሎብኛል» የሚል ሰው የቴሌቪዥኑን የቀለም ማስተካከያ ይመልከት እንጂ ገመዱን አይውቀስ። የወርቁ ልባጥም ጥቅሙ ዝገትን መከላከል ነው፤ ሥዕልን አያሳምርም።

እንዲህ ሲባል ግን ማናቸውም ገመድ ለማናቸውም ሥራ ይሆናል ማለት አይደለም። የገመዱ ደረጃ የሚለየው በሴኮንድ በሚሸከመው ቁጥር ብዛት ነው። ሃይ ስፒድ የተባለው 10.2 ጊጋ ቢት፤ ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ የተባለው 18 ጊጋ ቢት፤ አልትራ ሃይ ስፒድ የተባለው 48 ጊጋ ቢት ይሸከማል። በ2025 ደግሞ እስከ 96 ጊጋ ቢት የሚሸከም አልትራ 96 የተባለ ደረጃ ወጥቷል። የዲሽ ሪሲቨር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሥዕል በአግድም 1920፤ በቁም 1080 ነጥብ ያለውን ነው፤ ለዚህ ሃይ ስፒድ የተባለው ከበቂ በላይ ነው። ፎር ኬ የሚባለው ሥዕል 3840 በ2160 ነጥብ አለው፤ እርሱንም በሴኮንድ 60 ጊዜ ለሚልክ ዕቃ ፕሪሚየሙ ያስፈልጋል። አልትራው የሚያስፈልገው ፎር ኬን በሴኮንድ 120 ጊዜ ለሚልክ አዲስ የጨዋታ መሣሪያ ወይም ከዚያ ለሚበልጥ ሥዕል ነው። እንግዲህ ተራ ሪሲቨር ያለው ሰው የአልትራን ዋጋ መክፈሉ፤ አንድ ቁና እህል ለመጫን የጭነት መኪና እንደ መከራየት ነው።

ስለ ርዝመቱም እንናገር። ገመዱ በረዘመ መጠን ከፍተኛውን ደረጃ መሸከም ያቅተዋል። ለቤት ከ1 እስከ 2 ሜትር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ የሚያስፈልገውን ለክቶ ጥቂት ትርፍ ጨምሮ መግዛት ነው። ከ5 ሜትር በላይ ለፎር ኬ ሥዕል የሚፈልግ ሰው በውስጡ የብርሃን መስመር ያለበትን ገመድ ቢገዛ ይሻላል። ይህኛው ግን አንዱ ጫፍ ለላኪው፤ አንዱ ጫፍ ለተቀባዩ የተለየ ስለ ሆነ በጫፉ ላይ ያለውን ጽሕፈት አንብቦ መሰካት ይገባል፤ ቢገለበጥ አይሠራም። ደግሞም በገመድ ማሸጊያ ላይ የሚጻፉት 2.0 እና 2.1 የሚሉት ቁጥሮች የዕቃው አሠራር ቁጥሮች ናቸው፤ የገመዱ ትክክለኛ ስም ከዚህ በላይ የጠቀስነው የፍጥነት ስም ነው። ማረጋገጫ ያለው ፕሪሚየምና አልትራ በማሸጊያው ላይ በስልክ ካሜራ የሚመረመር ምልክት አለው፤ ባለ ሱቁን ሳያፍሩ አስፈቅዶ መመርመር ነው።

ሦስተኛ፤ ባለ ሦስት ቀለሙ ገመድ። ቢጫው ለሥዕል፤ ነጩ ለግራ ድምፅ፤ ቀዩ ለቀኝ ድምፅ ነው። ጫፉ አር ሲ ኤ የሚል ስም ያገኘው በፈረንጆች 1930ዎቹ ዓመታት ለሬዲዮና ለሸክላ ማጫወቻ ካወጣው የአሜሪካ ሬዲዮ ኩባንያ ነው። ይህ ገመድ የሚሸከመው ሥዕል በቁጥር የተለወጠ ስላይደለ ጉዳቱ ጥቂት በጥቂት ይታያል፤ ገመዱ ሲደክም ሥዕሉ ይደበዝዛል፤ አጥሩ ደካማ ከሆነም በሥዕሉ ላይ ሰረዝ፤ በድምፁም ውስጥ እንደ ንብ ያለ ጩኸት ይሰማል። ስለዚህ በዚህኛው ገመድ ከእጅግ ርካሹ ይልቅ ወፈር ያለውንና መረቡ ጥብቅ የሆነውን መምረጥ ዋጋ አለው። ቢጫው በነጩ ወይም በቀዩ ቦታ ተሳስቶ ቢሰካ ሥዕሉ ጠፍቶ ከድምፅ ማጉያው ክፉ ጩኸት ይወጣል እንጂ ዕቃው አይበላሽም፤ ቀለሙን ከቀለሙ ማገናኘት ነው። አንዳንዱ ሪሲቨር ሦስቱን ቀለም በአንድ ትንሽ ጃክ የሚያወጣ ቀዳዳ አለው። የዚህ ትንሽ ጃክ አደራደር በየፋብሪካው ስለሚለያይ የአንዱ ሪሲቨር ገመድ ለሌላው ላይሆን ይችላል፤ ከዕቃው ጋራ የመጣውን ገመድ አለመጣል ይገባል። በቴሌቪዥኑና በሪሲቨሩ ላይ ሁለቱም ዐይነት ቀዳዳ ካለ ግን ኤች ዲ ኤም አይን መምረጥ ነው፤ የሥዕሉ ጥራት በዐይን ይለያል።

አራተኛ፤ ድምፅን በብርሃን የሚወስደው ገመድ። ይህን በ1983 ያወጣው የጃፓን ቶሺባ ነው። በውስጡ መዳብ የለም፤ ድምፁ በቀይ ብርሃን ተለውጦ ይጓዛል፤ ስለዚህ የኤሌክትሪክ ጩኸት አይነካውም። ከቴሌቪዥን ወደ ድምፅ ማጉያ ይሆናል፤ ሥዕል ግን አይወስድም። በጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ መክደኛ ሳያወልቁ መሰካት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። ደግሞም በኀይል ማጠፍ አይገባም፤ ብርሃን ቀጥ ያለ መንገድ ይወዳል። በቴሌቪዥኑም በድምፅ ማጉያውም ላይ አርክ የሚል ጽሕፈት ያለበት የኤች ዲ ኤም አይ ቀዳዳ ካለ፤ በአንዱ ገመድ ድምፁ ወደ ማጉያው ስለሚመለስ የብርሃኑን ገመድ መግዛት አያስፈልግም።

አምስተኛ፤ ከአምፕሊፋየር ወደ ስፒከር የሚሄደው ሽቦ። በዚህ ላይ የሚፈለገው የሽቦው ውፍረት ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኞች 1.5 እና 2.5 እያሉ የሚጠሩት የሽቦውን ወርድ በካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 8 ኦም ስፒከር 10 ሜትር ርቆ በ0.5 ቀጭን የመዳብ ሽቦ ቢገናኝ፤ ከሚላከው ኀይል ከ100 እጅ ወደ 8 የሚጠጋው በሽቦው ውስጥ ይቀራል፤ በ1.5 ሽቦ ቢገናኝ ግን የሚቀረው ወደ 3 ብቻ ነው። ስለዚህ ለተራ ሳሎን 1.5 የመዳብ ሽቦ ይበቃል፤ ለረዥም መንገድ 2.5 ይሁን። ከዚህ በላይ በሚያምር ስም የሚሸጠው ሁሉ ለጆሮ የሚጨምረው ነገር የለም። በገበያ ላይ ግን መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም እንደ ንጹሕ መዳብ ይሸጣል፤ ጫፉ ሲፋቅ ይነጣል፤ በእጅም ሲያነሡት ይቀላል። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክን የሚያሳልፈው መዳብ ከሚያሳልፈው ከ100 ወደ 60 እጅ ያህል ስለ ሆነ፤ ዋጋው የመዳብ ሊሆን አይገባም።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፤ የስፒከር ሽቦ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ነው። ጫፉ ሲላጥ ክሮቹን ባንድነት መጠምዘዝ ይገባል። አንዲት ክር ወጥታ የቀዩን መግቢያ ከጥቁሩ ብታገናኝ አምፕሊፋየሩ ይቃጠላልና። ቀዩን ከቀይ፤ ጥቁሩን ከጥቁር ማያያዝም አይረሳ። በአንደኛው ስፒከር ብቻ ተገልብጦ ቢታሰር ሁለቱ ስፒከሮች እርስ በርሳቸው ስለሚቃረኑ የከበሮው ወፍራም ድምፅ ይጠፋል፤ ባለቤቱም ስፒከሩን ሳያጠፋ ይወቅሰዋል።

ስድስተኛ፤ ከውጭ አገር ስለሚላክልን ዕቃ። በአሜሪካ ያሉ ልጆቻችንና ወንድሞቻችን በፍቅር ቴሌቪዥንና ድምፅ ማጉያ ይልኩልናል። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፤ የእኛ ግን 220 ቮልት ነው። ስለዚህ ዕቃውን ከመሰካት በፊት በጀርባው የተጻፈውን ማንበብ ግድ ነው። 100-240 የሚል ጽሕፈት ካለበት በእኛ አገር ይሠራል፤ 120 ብቻ የሚል ከሆነ ግን ኀይል መለወጫ መሣሪያ ሳይኖረው ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል። በሱቅ የሚሸጠው ትንሹ የሶኬት መለወጫ የጫፉን ቅርጽ ብቻ ይለውጣል እንጂ ኀይሉን አይቀንስም። ከዱባይ የሚመጣው ዕቃ በኀይሉ ከእኛ ጋራ ይስማማል፤ የሚለየው የሶኬቱ ቅርጽ ነው።

በመጨረሻም ስለ አያያዝ ጥቂት እንጨምር። ገመድ ሲነቀል ጫፉን ይዞ እንጂ ገመዱን ይዞ መጎተት አይገባም። ከምንጣፍ በታች አሳልፎ በእግር ማስረገጥም ውስጡን ይሰብረዋል። የድምፅ ገመድ ከኤሌክትሪክ ገመድ ጋራ ጎን ለጎን ሲታሰር ጩኸት ስለሚቀበል አራርቆ ማስኬድ ይሻላል። በአንድ ዲቫይደር ላይ ከቴሌቪዥኑ ጋራ ምጣድና ካውያ መሰካት ለእሳት መነሻ ነው። ነጎድጓድ ሊመጣ ሰማዩ ሲጠቁር፤ መብረቅ ከመጀመሩ አስቀድሞ፤ የኤሌክትሪኩንም የዲሹንም ገመድ መንቀል ነው፤ አንዱን ብቻ ነቅሎ ሌላውን መተው ዕቃውን አያድነውም። መብረቁ ከጀመረ በኋላ ግን ገመዱን መንካት ለሰውም አደጋ ስለ ሆነ መተው ይሻላል። ሕፃናት በሚድኹበት ቤትም ገመዱን በግድግዳ ላይ በምስማር መያዣ አስይዞ ማሳለፍ፤ ከወደቀ ቴሌቪዥንና ከሚደርሰው ጉዳት ያድናል።

እንግዲህ ጠቅላላው ቃላችን ይህ ነው። አስቀድሞ መመርመር፤ ሁለተኛ በዕቃው ጀርባ ያለውን ቀዳዳና ጽሕፈት ማየት፤ ሦስተኛ ርዝመቱን መለካት፤ አራተኛ ለሥራው የሚበቃውን ደረጃ እንጂ ከፍተኛውን አለመፈለግ፤ አምስተኛ ገመዱ ካልሠራ ባለ ሱቁ መልሶ እንደሚቀበል አስቀድሞ መነጋገርና ደረሰኝ መቀበል። በአንዲት ገመድ የሚድነው ገንዘብ ጥቂት ይመስላል፤ ለደብተር፤ ለመድኃኒትና ለጤፍ ለሚያስቡ ወላጆች ግን ጥቂት አይደለም። ባለ ሱቆችም ደንበኛ ባለማወቁ ዛሬ አንድ ውድ ገመድ ቢገዛ፤ ነገ ባወቀ ጊዜ ደጃፋቸውን እንደማይረግጥ ቢያስቡት መልካም ነው።

ያን በወርቅ የተለበጠ ገመድ ልንመልሰው ብንሄድ ማሸጊያው ተከፍቷል ተብለን ስላልተቀበሉን፤ ለትምህርት እንዲሆነን ከሣጥኑ ጋራ በመደርደሪያ ላይ አስቀምጠነዋል። የቀረው የደብተር ገንዘብ ግን ሳይነካ መስከረም ደረሰ። እናታችንም የፍልሰታን ቅዳሴ ከመጀመሪያው ዕለት አንሥተው አስቀድሰዋል፤ ሽማግሌውንም በእያንዳንዱ ጸሎት በስማቸው ያነሡአቸዋል።